ጣቢያው ቍጥሩን ለወጠን? ስለ ኤፍ ኤም ራዲዮ በወረታና በፎገራ ሜዳ



ባለፈው የክረምት ዕረፍት ወደ ትውልድ አገራችን ወደ ወረታ ወርደን ሳለን፣ ከገበያው መካከል እስከ ልብስ ሰፊው በረንዳ ድረስ አንድ ወሬ በብዙ አፍ ሲወራ ሰማን። ወሬውም «ከባሕር ዳር የሚመጣው የኤፍ ኤም ጣቢያ ቍጥሩን ለውጧል» የሚል ነበር። ወዴት እንደ ሄደ ሲጠየቅ ግን የሰዉ ቃል አንድ አልሆነም። አንዱ 94 ላይ ነው አለን፤ ሁለተኛው 98.1 ላይ ነው አለን፤ አንድ የሚኒባስ ረዳት ደግሞ በዐይኔ አይቻለሁ ብሎ እየማለ 76.9 ላይ ነው አለን። ምክንያቱን ሲናገሩም እንደዚሁ ተለያዩ። ገሚሱ ጣቢያው ለሌላ ሰው ተሽጧል አለ፤ ገሚሱ ለአዲስ ጣቢያ ቦታ ለቅቆ ነው አለ፤ አንድ ሽማግሌ ግን ከዘራቸውን ተደግፈው ሁሉንም ካዳመጡ በኋላ «የክረምቱን ሞገድ ይዞ ነው፤ መስቀል ሲጠባ ይመለሳል» ብለው ነገሩን ዘጉት።

የገበያ ወሬ ነው ብለን ልንተወው በተገባን ነበር። ዳሩ ግን በገዛ ቤተ ሰባችን ላይ የደረሰው ነገር አላስቻለንም።

አጎታችን ከወረታ በስተ ምዕራብ፣ ሜዳው ወደ ጣና በሚያዘቀዝቅበት በኩል ሩዝ ያርሳሉ። ምድሪቱ ርብና ጉማራ ከላይኛው አገር እየጠረጉ ያወረዱት ደለል የተኛባት ስለ ሆነች ለሩዝ የተመቸች ናት፤ ነገር ግን ደለሉን ያመጣው ውሃ ራሱ በየክረምቱ ተመልሶ ይጎበኛታል። በ1998 ዓ. ም. ክረምት ፎገራና ሊቦ ከምከም በጎርፍ በተጥለቀለቁ ጊዜ አጎታችን ልጆቻቸውን አቅፈው፣ ከብታቸውን እየነዱ ወደ ከፍታው ወጥተዋል። ከዚያ ዓመት ወዲህ ሐምሌ ከገባ ማታ ማታ ራዲዮ ሳይሰሙ አይተኙም። ስለ ዝናቡና ስለ ወንዞቹ ሙላት የሚነገረውን ሰምተው ነው እህላቸውን ከወለል ወደ ቆጥ የሚያወጡት።

እንግዲህ ባለፈው ክረምት በለመዱት ቍጥር ላይ ድምፁን ቢያጡት፣ የገበያውም ወሬ በዚያው ሰሞን ቢደርሳቸው «ሄዷል እንግዲህ» ብለው ራዲዮናቸውን ከምሰሶው ላይ ሰቀሉት፤ ድንጋዩንም አውጥተው በእጅ ባትሪያቸው ውስጥ ጨመሩት። ዐሥራ አምስት ቀን ያህል እንዲሁ ቆየ። በዚያ መካከል አንድ ሌሊት ውሃው ገብቶ ለቀለብ ያስቀመጡትን ሁለት ጆንያ ሩዝ አበላሸባቸው። ጎረቤታቸው ግን በዋዜማው ከስልኩ ላይ ሰምቶ እህሉን አውጥቶ ኖሯል። ይህን ሲያጫውቱን «አያ፣ እሱ ሲሰማ እርስዎ እንዴት ሳይሰሙ ቀሩ?» ብለን ብንጠይቃቸው «እሱማ በስልክ ነው ልጄ፤ የስልኩ ሌላ ነው ብዬ» አሉን። ስልኩና ራዲዮናቸው የሚቀበሉት አንዱን ሞገድ መሆኑን የነገራቸው ሰው አልነበረም። የነገራቸው ሰው አልነበረም ስንል ራሳችንንም ጨምረን ነው።

ስለዚህ ነገሩን ለመመርመር ተነሣን። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ከሒሳብ ጋር ከተለያየን ጥቂት ጊዜ ሆኖናልና አንድ የምህንድስና ተማሪ የሆነ ወዳጃችንን ብዙ አስቸገርነው። ከዚህ በታች ከተጻፈው ውስጥ ትክክል የሆነው ምስጋናው ለእርሱ ነው፤ ስሕተት ቢገኝበት ወቀሳው ለእኛ ይሁን።

ራዲዮ ጣቢያ ድምፅን ብቻውን አይልክም፤ ድምፁን የሚሸከም ሞገድ አለ። ሞገዱ በቅሎ ነው ብንል ድምፁ ጭነቱ ነው። ጭነቱን ለማሰር ሁለት መንገድ ተገኝቷል። አንደኛው የሞገዱን ቁመት ከፍና ዝቅ ማድረግ ነው፤ ይህ ኤ ኤም ይባላል፤ በመካከለኛና በአጭር ሞገድ የምንሰማቸው ጣቢያዎች በዚህ ይሠራሉ። ሁለተኛው ቁመቱን ሳይነኩ፣ ሞገዱ በሴኮንድ ውስጥ የሚርገበገብበትን ብዛት በመጠኑ መጨመርና መቀነስ ነው፤ ኤፍ ኤም የሚባለው ይህ ነው። መብረቅም ሆነ የወፍጮ ሞተር በይበልጥ የሚረብሹት የሞገዱን ቁመት ነው። ሐምሌ ሲያጉረመርም ኤ ኤም ቡና በምጣድ ላይ እንደሚቆላ ሲንጣጣ ኤፍ ኤም ግን ጠርቶ የሚሰማው ስለዚህ ነው። ዘዴውን ለሥራ ያበቃው አሜሪካዊው መሐንዲስ ኤድዊን አርምስትሮንግ ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1933 ነው። ወደዚህ ሰው ኋላ እንመለሳለን፤ የሞገድ ቍጥር በእውነት ሲለወጥ ምን እንደሚመስል እርሱ በራሱ ላይ አይቶታልና።

ቍጥሩስ ምንድን ነው? ባሕር ዳር ኤፍ ኤም 96.9 ሲባል ሞገዱ በሴኮንድ 96.9 ሚሊዮን ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው። ሞገድ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ይህን ለርግብግቢቱ ብዛት ብናካፍለው የአንዱ ሞገድ ርዝመት 3.1 ሜትር ገደማ ይወጣል። የአማራ ራዲዮ በታወቀበት በ801 ኪሎ ኸርዝ መካከለኛ ሞገድ ግን ርዝመቱ 374 ሜትር ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የ374 ሜትሩ ሞገድ የምድሩን መልክ እየተከተለ ጋራውንም ሸለቆውንም እያለፈ ሩቅ ይደርሳል። የ3 ሜትሩ ሞገድ ግን ጠባዩ ወደ ብርሃን ያደላል፤ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ጋራ ሲያጋጥመው ጥቂቱ በጫፉ ላይ ታጥፎ ይወርዳል እንጂ አብዛኛው ይቀራል። እንግዲህ የኤፍ ኤም ነገር በመጀመሪያ ደረጃ የማየትና ያለማየት ነገር ነው፤ አንቴናው ከቆመበት ሆኖ ዐይን ቢኖረው ቤታችንን ያየዋልን?

በዚህ ጊዜ የፎገራ ሰው «የእኛ አገር ሜዳ ነው፤ ምን ይጋርደዋል?» ይላል። እኛም እንዲሁ ብለን ነበር። ነገር ግን ሜዳም ይጋርዳል። ምድር ክብ ናትና ጠረጴዛ የመሰለው ሜዳና መስተዋት የመሰለው ጣና ራሳቸው ጎባጣ ናቸው። ወረታ ከባሕር ዳር በመኪና መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም በቀጥታ መስመር ስትለካ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ በ1,800 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጡ ናቸው። በሁለቱ መካከል አንዳች ኮረብታ ባይኖር እንኳ የምድር ጉብጠት ብቻውን በእኩሌታው ላይ ወደ 37 ሜትር ይነሣል። ይህም ቍጥር አየሩ ሞገዱን በጥቂቱ ወደ ምድር እንደሚያጎነብሰው ተቈጥሮለት ነው።

ለስሌቱ ቀላል ደንብ አለ። የማሠራጫውን አንቴና ቁመት በሜትር ወስዶ ካሬ ሥሩን ማውጣት፣ በ4.12 ማባዛት፣ ለተቀባዩም አንቴና እንደዚሁ አድርጎ ሁለቱን መደመር ነው፤ ድምሩ በኪሎ ሜትር የሞገዱን አድማስ ይሰጠናል። እንግዲህ ጣቢያው 100 ሜትር ቁመት ያለው ምሰሶ ቢኖረው 41 ኪሎ ሜትር ያያል። ራዲዮው መስኮት ላይ በ2 ሜትር ከፍታ ቢቀመጥ ወደ 6 ኪሎ ሜትር ይጨምራል፤ ድምሩ 47 ነው። ወረታ 50 ላይ ናት! ሦስት ኪሎ ሜትር ጎደለ። አሁን ደግሞ የአንቴናውን ሽቦ በባሕር ዛፍ እንጨት ላይ አድርገን 9 ሜትር ከፍ ብናደርገው ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ይጨምርና ድምሩ 53 ያልፋል። እንግዲህ በአንድ ግቢ ውስጥ መስኮት ላይ የማይሰማው ጣራ ላይ ይሰማል። ሞገዱ በአድማሱ ላይ በቢላዋ እንደ ተቈረጠ ያበቃል ማለታችን አይደለም፤ እየደከመ እየደከመ ይሄዳል። ዳሩ ግን ወረታ በዚህ ድንበር ላይ መቀመጧ ለወሬው ሁሉ ምንጭ ነው ብለን እናምናለን። ባሕር ዳር ያለ ሰው አንቴናውን ቢያጥፈውም ይሰማል፤ እጅግ የራቀ ሰው ደግሞ ከቶ ስለማይሰማ ተስፋ አያደርግም፤ በድንበር ላይ ያለ ሰው ግን ዛሬ ሰምቶ ነገ ያጣል፤ ያጣበትንም ምክንያት ይፈልጋል።

በዚህ ላይ የደራ ከፍታ አለ። ከባሕር ዳር ወደ ወረታ የተዘረጋው ቀጥታ መስመር የሚያልፈው በሐሙሲት አካባቢ ነው፤ በዚያ በኩል መኪናው ሲወጣ ሲወርድ እንደምናውቀው ምድሩ ሜዳ አይደለም። አጎታችን ባሉበት በጣና ዳር በኩል ግን መስመሩ ወደ ውሃው ይጠጋል፤ ጋራው ወደ ቀኝ ይቀራል። ትንሽ ራዲዮ ይዘን ስንዘዋወር በከተማይቱ ቆላማ መንደር ውስጥ ሲቈራረጥ ያገኘነው ጣቢያ በአጎታችን ደጅ፣ ያውም ከጭቃው መካከል፣ ጠርቶ መሰማቱ ገርሞን ነበር፤ ካርታውን ስናይ ግን መገረማችን ቀረ። ጎረቤታቸው በስልኩ ሲሰማ የነበረውም ስለዚህ ነው።

«ኀይል ቢጨምሩበትስ?» የሚል ይኖራል። ፋኖስ ከጋራ በስተ ጀርባ ቢቀመጥ ክሩን ከፍ በማድረግ ብቻ ከዚህኛው ወገን አይታይም። ይልቅስ ፋኖሱን ጋራው ላይ ማውጣት ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ አላት፤ ከወረታ በቀጥታ የምትርቀው ከ40 ኪሎ ሜትር በታች ነው። የጉና ተራራ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ከሜዳው 2,000 ሜትር በላይ የተነሣ አንቴና በስሌታችን መሠረት ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ ያያል፤ የጣና ዙሪያ በጠቅላላው ከእግሩ ሥር ይሆናል። ይሁንና ከፍታ ብቻውን አይበቃም። ከፍ ባለ ከተማ ውስጥ ሆኖ ወደ ሜዳው በኩል ጉብታ የተጋረደበት አንቴና ፎገራን አያይም። በሰገነት ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ ሰው ነው።

አሁን ወደ ዝናቡ እንመለስ። በወረታ ብዙ ሰው ጣቢያው የሚጠፋው ሞገዱን ዝናብ እየመታው ነው ይላል። ይህ ለሳተላይት ዲሽ እውነትነት አለው፤ በዚያ የሞገዱ ርዝመት በሴንቲ ሜትር የሚቈጠር ነውና። ለ3 ሜትር ሞገድ ግን የዝናብ ጠብታ ከምንም አይቈጠርም። ክረምቱ ጣቢያን የሚያጠፋው በሌላ በር ገብቶ ነው፤ ዛፍ በመሥመር ላይ ይወድቃል፣ መብራት ይጠፋል፤ መብራት በባሕር ዳር ሳይሆን በመካከል ባለው አስተላላፊ ዘንድ ቢጠፋ እንኳ የእኛ ራዲዮ ዝም ይላል። በዚያ ሰዓት ቍጥሩ ባዶ ሆኖ ይንሾካሾካል እንጂ ጣቢያው የትም አልሄደም።

በጋ ደግሞ የራሱ ጨዋታ አለው። ለጥምቀት ወርደን ሳለን ሌሊት ላይ በክረምት የማናውቀውን ጣቢያ ሰምተናል፤ ጧት ፀሐይ ሞቅ ሲል ከእጃችን ጠፋ። ምክንያቱ ይህ ነው። ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ምድሩ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፤ ከምድሩ ጋር ያለው አየር ቀዝቅዞ ከላዩ ሞቃት አየር ይተኛበታል፤ በዚህ ጊዜ ሞገዱ በሁለቱ መካከል ከወትሮው ይልቅ ወደ ምድር እየጎበጠ ከአድማሱ አልፎ ይሄዳል። እንደ ጣና ያለ ሰፊ ውሃ አጠገብ ይህ የታወቀ ነገር ነው። ጎንደር ከወረታ በቀጥታ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ከፎገራ ሜዳ 300 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ በደንባችን ብናሰላው አድማሷ 77 ኪሎ ሜትር ላይ ያበቃል፤ በእንፍራንዝ በኩል ያሉትን ጋራዎች ሳንቈጥር ነው። እንግዲህ የጎንደር ጣቢያ በወረታ የሌሊት እንግዳ ቢሆን ምን ይደንቃል? እንግዳው ጧት ሲሄድ ግን «ተዛወረ» ይባልበታል።

የ98.1 ነገር የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። የፋና ኤፍ ኤም በአዲስ አበባም በጎንደርም በ98.1 ይታወቃል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ስላለ ሳይጠላለፉ በአንድ ቍጥር ሊሠሩ ይችላሉ፤ ቍጥር ጥቂት፣ አገር ሰፊ ስለሆነ በየስፍራው የሚደረገው ይኸው ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ነጋዴ ራዲዮውን ሳይነካ ወረታ ላይ ቢከፍተውና አንድ ነገር ቢሰማ «የሸገሩ እዚህ ደረሰ» ይላል፤ የሰማው ግን የጎንደሩን ነው። ኤፍ ኤም በተፈጥሮው ሌላም ጠባይ አለው። በአንድ ቍጥር ላይ ሁለት ጣቢያ ቢመጣ ተቀባዩ ለበረታው ይገዛል፤ የደከመው ጨርሶ ዝም ይላል። በኤ ኤም እንደምናውቀው ሁለት ሰው ባንድነት ሲጮኽ አንሰማም። ስለዚህ አንድ ጣቢያ ደክሞ ሌላው በበረታ ጊዜ አድማጩ የሚሰማው ጥርት ያለ ሌላ ድምፅ፣ ሌላ ሙዚቃ፣ ሌላ አቅራቢ ነው። «ለሌላ ሰው ተሽጧል» የሚለው ወሬ ከዚህ ቢወለድ ወሬኛውን ብዙ አንፈርድበትም፤ በጆሮው የሰማውን ነው የተናገረው።

76.9ም ቢሆን ውሸት አይደለም። በጃፓን አገር ኤፍ ኤም ለብዙ ዘመን የተወሰነው ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ነበር፤ ኋላ እስከ 95 ድረስ ከፍ ብሏል። በእኛ አገር ግን ልክ እንደ አውሮፓ ከ87.5 እስከ 108 ነው። ለጃፓን ገበያ የተሠራ የመኪና ራዲዮ እንግዲህ 96.9ን ከነጭራሹ አያውቀውም። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ሠሪው በአንቴናው መንገድ ላይ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ይጨምርበታል፤ መሣሪያዋ የሚመጣውን ሁሉ በአንድ መጠን ዝቅ አድርጋ ትሰጠዋለች። መጠኑ 20 ሜጋ ኸርዝ ቢሆን 96.9 በመስታወቱ ላይ 76.9 ሆኖ ይታያል፤ 16 ቢሆን 80.9፣ 12 ቢሆን 84.9 ይሆናል። የሚኒባሱ ረዳት በዐይኔ አይቻለሁ ብሎ መማሉ እውነቱን ነው። ያየው ግን የራሱን መኪና ቍጥር ነው፤ የጣቢያውን አይደለም።

ከአሜሪካ የሚላከውም ራዲዮ የራሱ ጉድ አለው። በዚያ አገር የኤፍ ኤም ቍጥሮች በነጥብ ጐዶሎ ብቻ የሚሄዱ ናቸው፤ 91.3፣ 91.5፣ 91.7 እያለ። በቍልፍ የሚዘልል የአሜሪካ ራዲዮ ይዛ የመጣች አንዲት የክፍል ጓደኛችን ደብረ ብርሃን ኤፍ ኤም 91.4 እንደ ሆነ እያወቀች ራዲዮዋ 91.4ን ዘልሎ እያለፈ ስላስቸገራት «91.5 አድርገውታል» ብላ ለቤተ ሰቧ ሁሉ ነግራለች። ይህን እንድንጽፍ ፈቅዳልናለች።

አሁን ደግሞ ከዘራቸውን ተደግፈው «የክረምቱን ሞገድ ይዞ ነው» ወዳሉት ሽማግሌ እንሂድ። እኒህ ሰው ያሉት ነገር ከንቱ አይደለም። በአጭር ሞገድ ከሩቅ አገር የሚያሠራጩ ጣቢያዎች ሞገዳቸው የሚሄደው ወደ ሰማይ ወጥቶ ከላይኛው አየር ላይ እየነጠረ ነው፤ ያ የላይኛው አየር ከወራት ጋር፣ ከሌሊትና ከቀን ጋር ስለሚለዋወጥ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በአውሮፓ መጋቢትና ጥቅምት የመጨረሻ እሑዶች፣ የቍጥር ሠንጠረዣቸውን ይለውጣሉ። የጀርመን ድምፅ የአማርኛው ክፍል ከ1957 ዓ. ም. ጀምሮ ሲያሠራጭ የኖረ ነውና እርሱን የሚከታተል አባወራ ይህን በልምድ ያውቃል። አፈና በመጣም ጊዜ ጣቢያዎቹ ቍጥር እየቀያየሩ ይሸሹ ነበር፤ በ2002 ዓ. ም. መጋቢት የዚያን ጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ሥርጭት የማፈን ሥራ መኖሩን በአደባባይ ተናግረዋል። እንግዲህ በዚህ ያደገ አድማጭ ድምፅ ሲጠፋበት መጀመሪያ የሚያስበው «ቀይሯል» ነው፤ ከዓመት እስከ ዓመት የተማረው ይህንኑ ነውና። ሽማግሌው ስለ ቀኑ በአንድ ወር ገደማ ተሳስተው ይሆናል እንጂ ስለ አጭር ሞገድ ልክ ናቸው። ስሕተቱ ይህን ሕግ ወደ ኤፍ ኤም ማምጣታቸው ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ ወደ ሰማይ ወጥቶ የሚነጥር አይደለምና ክረምት ከበጋ ቍጥር የሚቀይርበት ምክንያት የለውም።

ታዲያ ኤፍ ኤም ጣቢያ ከቶ ቍጥር አይለውጥምን? ይለውጣል፤ ነገር ግን በድብቅ አይለውጥም፤ በአንድ ሌሊትም አይለውጥም። ቍጥሮቹ በዘፈቀደ የተያዙ አይደሉም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 አፍሪካና አውሮፓ ያሉበት ክፍለ ዓለም በጄኔቫ ተሰብስቦ ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ያለውን ለየአገሩ ደልድሏል። በአገራችን ውስጥ የብሮድካስት ፈቃድ ነገር በአዋጅ ቍጥር 178/1991፣ ቀጥሎም በ533/1999 ሲመራ ቆይቶ አሁን በ1238/2013 የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ መሠረት በኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን እጅ ነው፤ የሞገድን ሀብት በጠቅላላው የሚቈጣጠር ደግሞ በ1148/2011 አዋጅ የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ። ጣቢያው ራሱ ቍጥሩን ስሙ አድርጎታል፤ በመኪናው ላይ ጽፎታል፣ በየሰዓቱ ይጠራዋል። ቍጥሩን መለወጥ ለእርሱ ስሙን እንደ መለወጥ ነውና ከመለወጡ በፊት ለወራት ሳይለፍፍ አይቀርም።

እውነተኛ ለውጥ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ አርምስትሮንግ እንመለስ። በአሜሪካ ኤፍ ኤም መጀመሪያ የተሰጠው ከ42 እስከ 50 ሜጋ ኸርዝ ያለው ስፍራ ነበር፤ ሰዎችም በዚያ ልክ የተሠራ ራዲዮ ገዝተው ነበር። በ1945 የአገሪቱ የመገናኛ ኮሚሽን ኤፍ ኤምን አንሥቶ ከ88 ወደሚጀምረው ስፍራ አዛወረው። አርምስትሮንግ ተከራከረ፤ አልሆነለትም። እስከ ግማሽ ሚሊዮን ይደርሳሉ የተባሉ ራዲዮኖች የሚቀበሉት ነገር አጥተው ቀሩ፤ ጣቢያዎቹም ማሠራጫቸውን እንደ ገና ሠሩ። ሰውየው በዚህና ከትልልቅ ኩባንያዎች ጋር በገጠመው ሙግት ሀብቱንም ጉልበቱንም ጨርሶ በ1954 ሞተ። በ2017 ደግሞ ኖርዌይ ዋና ዋናዎቹን ብሔራዊ ጣቢያዎቿን ከኤፍ ኤም አውጥታ ወደ ዲጂታል ስታዛውር ለዓመታት ስትነግር ቆይታ ነው። በወረታ ገበያ እንደ ሰማነው በሰኞና በማክሰኞ መካከል የተደረገ አንዳች የለም።

እንግዲህ ድምፅ ሲጠፋ ምን ይደረግ? እኛ በአጎታችን ቤት ያደረግነውን እንናገር። መጀመሪያ ድንጋዩን አዲስ አደረግን፤ የደከመ ድንጋይ ቅርቡን እየሰማ ሩቁን ይተዋልና። ከዚያ አንቴናውን 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ስበን አወጣን፤ ይህ የሞገዱ ርዝመት ሩብ ስለ ሆነ በጣም ይስማማዋል፤ ከዚያ በላይ ማርዘሙ ጥቅም የለውም። ራዲዮኑን ከምሰሶው አንሥተን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወዲያና ወዲህ አዘዋወርነው፤ ሞገዱ ከቆርቆሮ ጣራ እየነጠረ በአንድ ቦታ ራሱን ሲያጠፋ በሌላው ይበረታልና። ጧት፣ ቀትርና ማታ ለየብቻ ሰማን። ከሁሉ በላይ ግን የጎረቤታቸውን ስልክ አምጥተን አጠገቡ አስቀመጥነውና ስልኩ ላይ 96.9ን ከፍተን፣ የአጎታችንን ራዲዮ መርፌ ዐይናችንን ጨፍነን በጆሮ ብቻ እያዞርን ያንኑ ድምፅ ፈለግን።

አገኘነው። ሁለቱ አንዱን ቃል ባንድ ጊዜ ተናገሩ። መርፌው ምን ላይ እንደ ቆመ ብናይ 94 ላይ ነው!

የምህንድስና ወዳጃችን በስልክ እንዳስረዳን ክዳኑን ከፍተን ተመለከትን። መርፌውን የምትጎትተው ቀጭን ሲባጎ ላልታ ከመዞሪያው ላይ ሸርተት ብላለች፤ መርፌው ከእውነተኛው ቍጥር ሦስት ያህል ወደ ኋላ ቀርቷል። አጎታችን በለመዱት ስፍራ ላይ መርፌውን ሲያቆሙ ራዲዮኑ የሚሰማው ከ99 በላይ ያለውን ባዶ ነበር። በዚያ አካባቢ ይህን የመሰለ ራዲዮ የያዘ ሰው ብዙ ነው፤ ከመካከላቸው አንዱ በአጋጣሚ መርፌውን ሲያንቀሳቅስ ጣቢያውን 94 ላይ አግኝቶ ለገበያው አብሥሮ ሊሆን ይችላል።

ሲባጎዋን አጥብቀን ከማሰር በቀር ለውጥ አላደረግንም። ተመልሳ ብትላላ ብለን ግን የአጎታችን ልጅ የጥፍር ቀለሟን አውጥታ በመስተዋቱ ላይ ጣቢያው በትክክል በሚሰማበት ስፍራ ቀይ ነጥብ አደረገችበት፤ ከአጠገቡም ጣቢያው ራሱ የሚጠራውን ቍጥር በወረቀት ጽፋ ለጠፈችበት። አጎታችን ነጥቡን ብዙ ጊዜ አዩትና «እንግዲህ ከዚህ ላይ ድምፅ ብናጣስ?» አሉን። «እርስዎ አይነሡ፤ ልጁን ስልኩን ይዞ እንዲመጣ ይጥሩት» አልናቸው። እርሳቸውም ድንጋዩን ከእጅ ባትሪያቸው አውጥተው መልሰው ወደ ራዲዮናቸው ጨመሩ፤ ያን ማታ ወደ በረት የወረዱት በጨለማ ነበር።